የእትዬ ሚሱክ አፍንጫ

የኮሪያ ምግብ ከእኛ ምግብ ጋር አንድ ነው ይላሉ። አይደለም። ኮሎምበስ ውስጥ አንድ ሐበሻ የኮሪያ ሬስቶራንት ገብቶ ሲወጣ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ «በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቅላቱ! የኛው ወጥ እኮ ነው!» ቀይ የሆነ ሁሉ ወጥ ከሆነ የእሳት አደጋ መኪናም ወጥ ነው። የእኛ ወጥ ሽንኩርቱ ማንነቱን እስኪረሳ ድረስ ይቁላላል። የእነሱ ኪምቺ ጅጌ ደግሞ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ከሰባ የአሳማ ሥጋ ጋር የሚንተከተክበት ድስት ነው፤ እዚያ ውስጥ ማንም ማንነቱን አይረሳም። ጎመኑ ይጎመዝዛል፣ ሥጋው ይወዛል፣ በርበሬው ይጮኻል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ እንደ እድር ስብሰባ።

ይህን የማውቀው ቀምሼ አይደለም። አንድም ማንኪያ አልቀመስኩም። የማውቀው በአፍንጫዬ ነው፣ ለዚያውም በኮሪደር በኩል።

ሰሞኑን ከአንድ የእስያ ገበያ ፊት ለፊት መኪና ሳቆም ያ ጠረን በመስኮት ገባ። ልጄ ሶልያና አጠገቤ ተቀምጣለች። «ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል «ትንሽ» አለች። ትንሽ! በዚያ ሰሞን በየቀኑ ሞትን ስትጋፈጥ የነበረች ልጅ! ያኔ ነው ልጅነቱ የእሷ ቢሆንም ትዝታው እኔ ጋር እንደቀረ የገባኝ። የልጅነት ትዝታ የሚጽፈው ልጅ የነበረው ሰው ነው የሚል ሕግ ካለ እኔ አልፈረምኩበትም። ልጆች ልጅነታቸውን አያዩትም፤ ሥራ ላይ ናቸው። ቆሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጊዜው በፈረንጆቹ የ2021 መጀመሪያ። የምንኖረው ሚነርቫ ፓርክ ጥግ ባለ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከግሮቭፖርት መጋዘኖች እየጫነ ወደ ሌላ ስቴት ስለሚነዳ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን የለም። እኔ የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሄድሴት አድርጌ፣ መኝታ ቤቱን ቆልፌ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ለማላውቃቸው ሐኪሞች የሚናገሩትን ሕመም እተረጉማለሁ። የሰው ምስጢር ስለሆነ በሩ መዘጋት አለበት።

ሳሎኑን የያዙት የባለቤቴ አጎት ጋሼ ይልማ ነበሩ። አዲስ አበባ ከሠላሳ ዓመት በላይ የድግስ ወጥ ሠርተዋል፤ ሠርግ፣ ተዝካር፣ ክርስትና፣ የማይገቡበት ድንኳን አልነበረም። እዚህ ከመጡ በኋላ ጋሃና በሚባለው ሰፈር ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዱ ነበር። በኮቪድ አውሮፕላኑ ሲቆም ቫኑም ቆመ። ቫኑ ሲቆም ጋሼ ይልማ ሶፋችን ላይ ፓርክ አደረጉ።

ሶልያና ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ሦስት ቀን በታብሌት ትማራለች። በግልጽ አማርኛ፣ ሦስት ቀን አትማርም። ሦስቱን ቀን የምታሳልፈው ከኮሪደሩ ማዶ ነው።

ከኮሪደሩ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ሚሱክ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ኮሪያዊት። «እትዬ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት ስሟን ብቻ አንጠልጥዬ ልጠራ ብሞክር አፌ እምቢ አለኝ። ከጥቂት ወር በኋላ ለጥገና ሊደውሉ ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «ዚስ ኢዝ እትዬ ሚሱክ» ሲሉ ሰማኋቸው። ማዕረግ መስሏቸው ነው። ነውም። ሶልያና ግን «ሃልሞኒ» ነው የምትላቸው፤ በኮሪያኛ አያቴ ማለት ነው።

ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ባከበሩ ማግስት እትዬ ሚሱክን ኮቪድ ያዛቸው። ቀላል ነበር። ሦስት አራት ቀን ሳሉ፣ በራቸው ላይ የምስር ሾርባ አስቀመጥንላቸው፣ ተነሡ። ዳኑ ብለን ረሳነው።

በየካቲት በረዶ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ሶልያና የሒሳብ ክፍሏን ካሜራ አጥፍታ ኮሪደር ወጣች። ጭስ ሸተታት። የእትዬ ሚሱክን በር ገፋችው፣ አልተቆለፈም። እትዬ ሚሱክ ለስቶቩ ጀርባቸውን ሰጥተው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ያንጎራጉራሉ። ከኋላቸው ድስቱ ከሰል ሆኗል፤ ጣሪያው ላይ ደመና ተኝቷል። የጭስ አላርሙ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አንድ ነገር በተጠበሰ ቁጥር ስለሚያብድ። በዚህ አልፈርድባቸውም። የእኛም መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«ሃልሞኒ! ፋየር!»

ልጅቱ ስቶቩን አጠፋች፣ መስኮት ከፈተች። እትዬ ሚሱክ ድስቱን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ ከዚያ ድስቱን በጨርቅ አንሥተው አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ቆዩ። «ናቲንግ» አሉ። «አንድ ወር ሆነ። ናቲንግ።»

ሶልያና ይህን ስትነግረኝ ያስጨነቃት እሳቱ አልነበረም። «ማሚ፣ አፍንጫዋን ወስደውባታል» አለችኝ። ጥፋተኛዋ ያች የኮቪድ መመርመሪያ እንጨት ናት፤ ነርሷ አፍንጫ ውስጥ ስታሽከረክራት የማሽተቻውን ነገር ጠቅልላ ይዛው ወጥታለች። አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ስም ተጽፎበት ተቀምጧል። «አንቺ ከዶክተሮች ጋር ታወሪ የለ?» አለች። «ኮል አድርጊና እንዲመልሱ ንገሪያቸው።» ማሽተትን የወሰደው ኮቪድ ነው፤ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ይቆያል ብዬ አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ለላቦራቶሪው የማዳላ መስሏት።

እስኪመልሱ ድረስ ግን ሥራ ያዘች። በታብሌት በምትማርባቸው ቀኖች ቀትር ላይና አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ሚሱክ ቤት ገብታ ታሸታለች። ስቶቩን፣ የቆሻሻ መጣያውን፣ ወተቱን፣ የትላንቱን ሩዝ። ደሞዟ በጨው የተጠበሰ የባሕር ቅጠል ነበር፤ ከንፈሯ አረንጓዴ ሆኖ ትመለሳለች። አንድ ማሰሮ ኪምቺ፣ ያ የኮመጠጠ ጎመን፣ ክዳኑ ሲከፈት አረፋ እየተነፈሰ «ጭስስ» ሲል ሰምታ በሕይወት ያለ እንስሳ መስሏት ለሁለት ሳምንት «ሃይ» ስትለው ኖራለች። እትዬ ሚሱክ ነገሩን አላረሙላትም። እንዲያውም አብረዋት «ሃይ» ማለት ጀመሩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ትምህርት ቤት ሳስመዘግባት ቅጹ ላይ «የምግብ አለርጂ» የሚል መስመር ነበር። «በሃይማኖትና በልማድ የማንበላው» የሚል መስመር ግን አልነበረም። ኦሪትን ለካፊቴሪያ ሠራተኛ ማስረዳት ረጅም ነው፤ አለርጂ አጭር ነው። «አሳማ» ብዬ ሞላሁ። ይህን ያደረግኩት ሐበሻ እናት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም። ችግሩ ሰዎቹ ነገሩን የምር መያዛቸው ነው። በምሳ ካርዷ ላይ በቀይ ጻፉላት፤ ምን እንደሚያብጥ፣ ማን እንደሚጠራ ነገሯት። እኔ መሙላቴን ረስቼዋለሁ። እሷ ግን አሳማ የነካች ቀን እንደምትሞት እያወቀች አደገች።

እንግዲህ አስቡት። ይህች ልጅ ለስድስት ሳምንት የአሳማ ሥጋ በሚንተከተክበት ድስት ላይ አፍንጫዋን ደቅና «ሃልሞኒ፣ ሥሩ ሊይዝ ነው» ስትል ከርማለች። ለማንም አልተናገረችም። በኋላ የሒሳብ ደብተሯ ላይ አንድ ገጽ አገኘሁ፦ ታብሌቷ ለአጎቷ ልጅ፣ ሮለር ስኬቷ ለሃልሞኒ።

ምስጢሩ የወጣው በመጋቢት ነው። እትዬ ሚሱክ ቁራጭ ሥጋ በቾፕስቲክ አንሥተው «በስሏል?» ብለው ሲያስጠጉላት ወደ ኋላ ሸሽታ እውነቱን ተናገረች። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ሚሱክ ሁለት ማስክ ደርበው፣ የአሳማ ሥጋ የሞላ የቆሻሻ ከረጢት ይዘው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቆመዋል።

«ሶሊ... ፖርክ... ዳይ?»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። «እትዬ፣ አትሞትም። አለርጂ የለባትም። ዝም ብለን ነው የማንበላው» አልኳቸው።

ሶልያና ከኋላቸው ብቅ አለች። «ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ዋሸሽው?»

«አልዋሸሁም። አሳጠርኩት።»

«ማሚ። ያ ውሸት ነው።»

የከፋው ግን እሱ አይደለም። አላመነችኝም። አሁን የምዋሸው ሃልሞኒ እንዳትደነግጥ ነው ብላ ደመደመች። ካርዱ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ማሚ ደግሞ እንደሚመቻት ትናገራለች። ካለው ማስረጃ አንጻር ፍርዱ ትክክል ነበር። እትዬ ሚሱክም ከእኔ ይልቅ ካርዱን አመኑ፤ ከዚያ ወዲህ እንድታሸት እንጂ እንድትቀምስ አልፈቀዱላትም።

በዚያው ሳምንት የእትዬ ሚሱክ ልጅ ዴቪድ ደወለ። ሲያትል ነው የሚኖረው፤ በየእሑዱ ቪዲዮ ኮል ያደርጋል። ክትባቱን ስለወሰደ ከዓመት በላይ በኋላ ሊመጣ ነው። «ኦማ፣ ምንም አትድከሚ፣ ኪምቺ ጅጌ ብቻ ሥሪልኝ» አላቸው። ኦማ እማዬ ማለት ነው። እግረ መንገዱንም እሱ ሰፈር ስላለ የአዛውንቶች መኖሪያ የሚያወራ ባለቀለም ወረቀት በፖስታ ልኳል። ብቻቸውን መኖር እየከበዳቸው ከሆነ በፈረንጆቹ በጋ ይዟቸው ሊሄድ ነው። እትዬ ሚሱክ አፍንጫቸው እንደጠፋ አልነገሩትም። ቢነግሩት ያን ቀን ዕቃቸው እንደሚታሸግ ያውቃሉ። ባላቸው የተቀበረው እዚህ ነው፣ ለሠላሳ ዓመት ልብስ ሲያስተካክሉ የኖሩት እዚህ ነው፣ ዛሬም ሰዉ ሱሪ ለማሳጠር በራቸውን ያንኳኳል።

ሶልያና ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ሽማግሌዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ የክፍሉ ሥዕል አልጋና መስኮት አለው፣ ኩሽና የለውም። «ማሚ፣ እስር ቤት ነው» አለችኝ። «ግን አበባ አለው።»

ያ ድስት እንግዲህ ፈተና ነበር። እትዬ ሚሱክ አሠራሩን በእንቅልፋቸውም ያውቁታል፦ ሥጋው ከኮመጠጠው ጎመን ጋር ይጠበሳል፣ የሩዝ እጣቢ ይጨመራል፣ በርበሬ፣ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ፣ መጨረሻ ላይ ቅጠል ሽንኩርት። ግን የኪምቺ ኮምጣጣነት ከማሰሮ ማሰሮ ይለያያል፤ ጨውና ስኳሩ የሚለካው በምላስ ነው። የእሳቸው ምላስ የሚነግራቸው ትኩስ መሆኑንና ማቃጠሉን ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ሠሩ፣ ሁለቱንም ደፉ።

«ራሔል» አሉኝ፣ ማንኪያ ይዘው። «ዋን ቴስት። ፕሊስ።»

እኔ ብዙ ያነበብኩ ሴት ነኝ። ከሁለት ቄስና ከአንድ ዲያቆን ጋር ስለ ምግብ ሕግ ተከራክሬ የረታሁ መስሎኛል። ማንኪያውን ተቀብዬ ወደ አፌ አስጠጋሁ። አፌ አልከፈት አለ። ካነበብኩት ሁሉ አንድም አላነበበም፣ አፌ። ማንኪያውን መለስኩላቸው፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለጋሼ ይልማ አወራኋቸው፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ቴሌቪዥኑን ሳይለቁ «እሷ ሴትዮ ከገና ወዲህ እጇ ተበላሽቷል» አሉ።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«በኮሪደሩ ይሸተኝ የለ! ምን ሥራ አለኝ? ድሮ ጎመኑን እስኪወዛ ትጠብሰው ነበር፤ አሁን ጥሬውን ውሃ ታለብሰዋለች። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ጨው ሁለቴ ጨመረች። ረስታ ነው።»

«ጋሼ፣ ጨው እኮ ጠረን የለውም።»

«ለአንቺ የለውም።»

የድግስ ወጥ ሠሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ገና ጾሙ ሳይፈታ ነው፤ ድስቱ ላይ የቆመ ሰው ጣቱን አይልስም። ጋሼ ይልማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመቶና ለሁለት መቶ ሰው ሳይቀምሱ ጨው ለክተዋል። ጨው ሲገባ በርበሬው እንዴት ዝም እንደሚል፣ ዘይቱ እንዴት ከዳር እንደሚወጣ፣ ድስቱ ድምፁን እንዴት እንደሚያወፍር ያውቃሉ። ወይም ያውቃሉ ብለው ያምናሉ፤ ልዩነቱን ማንም ቅሬታ አቅርቦ አላጣራውም።

«ታዲያ ለምን አይረዷቸውም?» አልኳቸው።

ዞሩ። «በሁዳዴ? የአሳማ? አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?»

«አይቀምሱም እኮ። ያሸታሉ እንጂ።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲዞር አየሁ። ጾሙ አልነበረም፣ ሥራ ከፈታ ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። «አፍንጫ አይጾምም» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። «ግን ቤቷ አልገባም።»

ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተደረገላቸው። ሁለቱም በሮች ተከፈቱ። ጋሼ ይልማ ማስካቸውን ከአፍንጫቸው በታች አውርደው፣ አፋቸውን ግን ግጥም አድርገው ሸፍነው ተቀመጡ። ያን ዓመት ሀገሩ ሁሉ ማስክ እንደዚያ እያደረገ ይሰደብ ነበር፤ ምክንያት የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሶልያና በወንበሩና በስቶቩ መካከል መልእክተኛና አስተርጓሚ ሆነች። እኔ በስልክ ጥሪ መካከል እየወጣሁ ባየሁት ቁጥር ከእኔ የተሻለች ነበረች፤ ስድቡን ለሁለቱም ወገን አስቀርታለች።

«ሶሊ፣ ‹እሳቱን ቀንሺ፣ ድስት ነው እንጂ ጠላት አይደለም› በያት።»

«ሃልሞኒ፣ ትንሽ ቀንሺ ይላሉ። ፕሊስ ብለዋል።»

«ቴል ሂም፣ ስቶቩ የእኔ ነው።»

«ጋሼ፣ እሺ ብላለች።»

የመጀመሪያው ቀን ግን ጥፋት ሆነ። ጋሼ ይልማ የሚያውቁት ወጥ ነው። ሽንኩርት ይቁላላ አሉ፤ ተቁላላ። ኮምጣጣው ይጥፋ፣ ተበላሽቷል አሉ፤ በስኳር ጠፋ። በርበሬው ይጥቆር አሉ፤ ጠቆረ። እትዬ ሚሱክ ክዳኑን ከፍተው አዩና ወገባቸውን ያዙ። ለማሽተት አልሞከሩም፣ ዓይን ይበቃል።

«ዚስ» አሉ ወደ ኮሪደሩ እየጮኹ፣ «ኢዝ ዩር ፉድ!»

«ታዲያ መጥፎ ነው?» አሉ ጋሼ ይልማ፣ ሳይተረጎምላቸው።

በማግስቱ እትዬ ሚሱክ የቆየ የኪምቺ ማሰሮ አውጥተው በሩ አፍ ላይ አስቀመጡና በትዝታ ማስተማር ጀመሩ። መጀመሪያ ኮምጣጣው ይመጣል፣ አሉ፣ የአፍንጫን ጥግ ቆንጠጥ ያደርጋል። ከኋላው የሥጋው ጣፋጭ፣ እንደ ዝናብ ዋዜማ አየር ከበድ ያለ። በርበሬው መጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ስህተት ነው። የማያሸቱትን ጠረን ዓይናቸውን ጨፍነው በቅደም ተከተል ይጠሩታል። ሶልያና ትተረጉማለች። ጋሼ ይልማ አፍንጫቸውን አቅንተው፣ እንደ ተማሪ፣ «መጣ... አዎ... ሁለተኛውም መጣ» ይላሉ። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ስለ ወጥ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ለእሳቸው ይህ ከጾሙ የከበደ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ዴቪድ መጣ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጨዋ ሰው። ገብቶ እናቱን አቅፎ ሳይጨርስ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ያለውን አላርም አየ። ፍሪጁን ከፍቶ ቀን አነበበ። የመድኃኒት ብልቃጥ ቆጠረ። ለምሳ የተጋበዘችው ሶልያና ሮጣ ወደ እኛ በር መጣችና በሹክሹክታ «ፖሊስ ነው» አለችኝ።

«የሃልሞኒ ልጅ ነው።»

«ፖሊሶችም ማሚ አላቸው።»

ተመልሳ ገባች። እኔና ጋሼ ይልማ የኮሪደሩ ወንበሮች ላይ ቀረን፤ በሩ ክፍት ነበርና ሁሉን እናያለን። የዴቪድ ኮሪያኛ የእኔን ልጅ አማርኛ ያህል ነው፤ ለእንግዳዋም ሲሉ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት። ድስቱ ቀረበ። ዴቪድ ጎረሰ። እትዬ ሚሱክ አልጎረሱም፣ አፉን ያያሉ።

«ጨው?»

«ፐርፌክት፣ ኦማ። ልክ እንደ ድሮው።»

ጋሼ ይልማ ጉልበቴን በጥፊ መቱት፣ ከደስታ ብዛት። እትዬ ሚሱክ ግን አልተነቃነቁም።

«ትዋሻለህ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ዴቪድ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጨው ልክ ነው። እውነት። ግን ምን ጨመርሽበት? የገና ኬክ ይሸታል።»

እትዬ ሚሱክ ጎንበስ ብለው ድስቱን አሸተቱ። ልማድ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሠራ አንገት ራሱ ይጎነበሳል። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልመጣም። ልጃቸውም ምንም እንዳልመጣ አየ።

ኮሪደሩ ላይ ወደ ጋሼ ይልማ ዞርኩ። ወለሉን ያያሉ።

«መከለሻ ነው» አሉ።

«ምን አደረጉ?»

«ኮረሪማ አለበት፣ ትንሽ። ለሶሊ በወረቀት ሰጥቻት ነው፣ ሲወጣ ጣል እንድታደርግበት። ድስት ሳይከለስ ይወጣል እንዴ፣ ራሔል?» አራት ቀን ችለውት በአምስተኛው ተሸንፈዋል። ሶልያናም ምግብ ሁሉ በዚያ የሚያልቅ መስሏት ጣል አድርጋበታለች።

ውስጥ ዴቪድ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኦማ፣ አይሸትሽም?» አለ።

እትዬ ሚሱክ ቀና ብለው ሩዝ ጨመሩለት።

ሶልያና ከወንበሯ ተነሣች። «እኔ አሸትላታለሁ! ቀትር ላይና አሥር ሰዓት ላይ። ስቶቩን፣ ወተቱን፣ ሩዙን። አንድም ቀን አልቀረሁም። ስኖው ዴይም አልቀረሁም። ዶንት ቴክ ኸር።»

«ሶሊ፣ በጣም ጎበዝ ነሽ» አላት ዴቪድ፣ በእውነት በጨዋነት። «ግን ልጅ ነሽ። ይህን ደግሞ መቅመስ እንኳ አትችዪም። ኦማ ነግራኛለች፣ አለርጂ አለብሽ።»

ሶልያና ድስቱን አየችው። ከዚያ ማንኪያውን አነሣች። ፊቷን እስካሁን አያለሁ፤ ከከፍተኛ ቦታ ገንዳ ውስጥ ሊዘል የቆመ ሰው ፊት ነበር። የሞላ ማንኪያ ነው የቀዳችው፣ ከነሥጋው።

የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሆነ። ዴቪድ «ኖ!» ብሎ ተወረወረ። ጋሼ ይልማ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ጾም ነው! ልጄ፣ ጾም ነው!» ብለው ጮኹ። እኔ ማስክ ሳላደርግ ገብቼ «አለርጂ የለባትም!» አልኩ። ከሁላችንም የፈጠኑት እትዬ ሚሱክ ናቸው፤ በቾፕስቲካቸው ማንኪያውን አጎኑት። ማንኪያው ተሽከርክሮ ያለውን ሁሉ የዴቪድ ነጭ ሸሚዝ ላይ አራገፈ።

አንድ ቁራጭ ጎመን ከኪሱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ያኔ ቆሜ ተናዘዝኩ። ቅጹን፣ መስመሩን፣ ያሳጠርኩትን፣ ቀዩን እስክሪብቶ። ሶልያና ወደ እኔ ዞረች።

«ሪሊ?»

«ሪሊ።»

በዚህ ጊዜ አመነችኝ፤ ፖሊስ ፊት ነበር የተናገርኩት። ከዚያ እናቷ ላይ ለመጮኽ ሙሉ መብት ያላት ልጅ ጮኸች፣ ረጅም ሰዓት፣ በሁለት ቋንቋ። ሁሉንም ተቀበልኩ።

ዴቪድ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ታዲያ ጨውን ማን ለካው?» አለ።

ሶልያና ወደ በሩ አመለከተች። ጋሼ ይልማ ደፉ ላይ ቆመዋል፤ አፋቸው ተሸፍኗል፣ አፍንጫቸው ወጥቷል፣ አንድ እግራቸው እንኳ አልገባም።

«እሳቸው ቀመሱት?»

«ማንም አልቀመሰውም» አለች ሶልያና። «እዚህ ማንም መቅመስ አይችልም።»

ዴቪድ መሳቅ ጀመረ። በመካከሉ ሳቁ ሌላ ነገር ሊሆን ዳዳውና መልሶ ሳቅ አደረገው። «በየእሑዱ አየሽ ነበር እኮ» አላቸው ለእናቱ። «ዓመት ሙሉ።»

«ስልኩን ፊቴ ላይ ነው የማደርገው» አሉ እትዬ ሚሱክ። «ድስቱ ላይ አይደለም።»

ለሁለት ቀን የመጣው ሰው ሁለት ሳምንት ቆየ። ላፕቶፑን የእናቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሠራ። ለሁለቱም ቤት አላርም ባትሪ ገዛ፤ የጋዝ መጠቆሚያ ግድግዳ ላይ ሰካ። ባለቀለሙን ወረቀት አልቀደደውም፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ይዞት ሄደ። እናቱን ግን ይዟቸው አልሄደም። በየሁለት ወሩ እመጣለሁ አለ፤ እኔ በልቤ «እናያለን» አልኩ። ሶልያናን ስልክ ቁጥሩን አስያዛት።

መጣ። በሰኔ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ቀን፣ በሮቹ እንደገና ተከፈቱ። የእትዬ ሚሱክ አፍንጫ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ያን ዕለት ማንንም ሳይጠይቁ ብቻቸውን ነው የሠሩት። ዴቪድ ሦስት ማንኪያ በላ። አራተኛውን ያዘና ቆመ።

«ኦማ» አለ። «ጨው በዝቶበታል። በጣም።»

እትዬ ሚሱክ ጆሮውን አዩት። አልቀላም። ተነሡ፣ የሩዝ እጣቢ ጨመሩበት፣ መልሰው እሳት ላይ ጣዱት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሲያማስሉ እያንጎራጎሩ ነበር።

እናንተ እናታችሁ ሩቅ ያለች ሰዎች፣ በየሳምንቱ በስክሪን አይታችሁ «ደህና ናት» የምትሉ ሁሉ፣ ስልኩን ዝጉና ትኬት ቁረጡ። ሄዳችሁ የሠራችውን ብሉ። ካልጣፈጠ፣ አልጣፈጠም በሏት።